እንጨት ከመንደዱ በፊት

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይገባል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬውን ዝግጅት በድምፅ እንጀምረው። እስኪ ይህን ስሙልኝ።

(ሁለት በደንብ የበሰሉ ከሰሎች ሲጋጩ፤ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ)

አሁን ደግሞ ይህን።

(ሁለት ያልበሰሉ ከሰሎች ሲጋጩ፤ የታፈነ ድምፅ)

አራቱንም ያወጣናቸው ከአንድ ጆንያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲጋጩ እንደ ብረት ይጮኻሉ፤ ስብራታቸው ያብረቀርቃል፤ ሲቀጣጠሉ አይጨሱም። የኋለኞቹ ድምፃቸው ደብዛዛ ነው፤ ጥቁረታቸው ወደ ቡናማ ያደላል፤ ማንደጃ ላይ ሲወጡ ቤቱን በጭስ ይሞሉታል፣ ዐይንም ያስለቅሳሉ። ከሰል ለዓመታት ሲገዙ የኖሩ እናቶች ይህን በጆሯቸውና በእጃቸው ይለዩታል። እኛ ዛሬ የምናወራው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ነው። ሙቀት እንጨትን ከውስጥ እንዴት እንደሚያፈርሰው፣ የትኛው ክፍሉ ቀድሞ እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚቀር፣ ከፍርስራሹም ምን እንደሚወጣ እናያለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እንጨት ነደደ እንላለን እንጂ ነበልባል ሆኖ የሚነደው እንጨቱ ራሱ አይደለም። ይህን ለማመን ደረቅ ስንጥር ብቻ ይበቃል። ስንጥሩን ለኩሳችሁ አግድም ያዙትና ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ነበልባሉና እንጨቱ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ስስ ጨለማ አለ። እሳቱ ገና ያልደረሰበት የስንጥሩ ክፍል ደግሞ አስቀድሞ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። አንዳንዴም በጥቁሩ ጫፍ ላይ ቡናማ ጠብታ ሲንተከተክ ይታያል። ያ ጠብታ ቅጥራን ነው። ስንጥሩ በሙቀት ፈርሶ ወደ ጋዝና ወደ ቅጥራን ተለውጧል፤ ጋዙ ከእንጨቱ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው የሚቀጣጠለው። እንግዲህ መፍረሱ ይቀድማል፣ መንደዱ ይከተላል። ለመንደድ አየር ያስፈልጋል፤ ለመፍረስ ግን ሙቀት ብቻውን ይበቃል። ከሰል የሚባለው ነገር የተገኘው ሰው እነዚህን ሁለቱን ስለለያያቸው ነው፤ እንጨቱ እንዲፈርስ ተደርጓል፣ እንዳይነድ ግን ተከልክሏል። ሳይንሱ ይህን ያለ አየር በሙቀት መፍረስ ፓይሮሊሲስ ይለዋል።

የሚፈርሰው ግን ምኑ ነው? የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በግድግዳው ውስጥ ማገር አለ፤ ማገሩን የሚያስር ልጥ አለ፤ በላዩ የሚመረግ ጭቃ አለ። እንጨትም በዓይን በማይታየው መጠኑ ይህንኑ ይመስላል። ማገሩ ሴሉሎስ፣ ልጡ ሄሚሴሉሎስ፣ ጭቃው ሊግኒን ይባላል። ሦስቱም ባዮፖሊመር ናቸው፤ ማለትም ሕይወት ያለው ነገር ትናንሽ ክፍሎችን እየቀጣጠለ የሠራቸው ግዙፍ ሞለኪውሎች ናቸው።

ሴሉሎስ የእንጨቱን ደረቅ ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይይዛል። ለይቶ አውጥቶ ምንነቱን ያስታወቀው ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1838 ነበር። ፓየን ከተለያዩ ተክሎች ያወጣውን ይህን ነገር የንጥረ ነገር ቅንብሩ ከስታርች ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፤ ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ነው። በእንጀራው ውስጥ ያለው ስታርችና ከምጣዱ ሥር በሚማገደው እንጨት ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ከአንድ ስኳር መሠራታቸውን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። ልዩነታቸው በአያያዙ ላይ ነው። በሴሉሎስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሉኮሶች ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ፤ ሰልፎቹም ጎን ለጎን ተጣብቀው ጥብቅ ጥቅል ይሠራሉ። ስለዚህ ሆዳችን ስታርችን ሲፈጨው ሴሉሎስን ግን አይችለውም፤ ውኃም አያሟሟውም።

ሄሚሴሉሎስም ከስኳር የተሠራ ነው፤ ግን ከተለያዩ ስኳሮች። ሰንሰለቱ አጭር ነው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ እንደ ሴሉሎስም ተጠቅልሎ አልጠበቀም። በየቦታው ደግሞ የአሴቲክ አሲድ ቁራጭ ተለጥፎበታል፤ ወደ ፊት ዐይናችንን የምታቃጥለው እሷ ስለሆነች ልብ በሏት። ሊግኒን ከሁለቱም ይለያል። ስኳር የለበትም፤ የካርቦን ቀለበቶች በየአቅጣጫው ተያይዘው የሠሩት ሥርዓት የሌለው መረብ ነው። እንጨትን ያጠነከረው፣ ዛፍ ቁመቱ ወደ ላይ እንዲሄድ ያስቻለው እሱ ነው።

አሁን እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ አዊ እንሂድ።

በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሩ ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ በገዛ ማሳው ላይ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ይቆርጠዋል፤ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ መሬቱንም ወደ እህል ይመልሰዋል። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት በዚያ አካባቢ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያስገኝ ዛፍ ማፈራረቁ ለማሳውም ጥቅም አለው። ከሰሉ በጆንያ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከሰል ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን የተጨፈጨፈ የተፈጥሮ ደን ነው፤ እውነትም በብዙ ቦታ እንዲያ ነው። አዊ ላይ ግን ከሰል የሚታረስ፣ የሚተከል፣ የሚታጨድ ነገር ሆኗል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ኢትዮጵያ ከሰል ማውራት ለገበሬው ፍትሕ አይደለም።

የማክሰሉ አሠራር የታወቀ ነው። የተቆረጠው እንጨት ተደርድሮ ይከመራል፤ ክፍተቱ በስንጣሪ ይሞላል፤ በቅጠልና በሣር ይሸፈናል፤ በላዩ አፈር ይለብሳል። በአንድ በኩል እሳት ይገባና ሲይዝ አፉ ይዘጋል፤ ለጭሱና ለጥቂት አየር ጠባብ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ቴርሞሜትርም የለም። አክሳዩ ያለው ጭሱ ነው። የጭሱን ቀለም እያየ፣ ሽታውን እየለየ፣ ክምሩ የት ጋ እንደሰመጠ እየተመለከተ ቀንና ሌሊት ይጠብቃል። ጭሱ የሚነግረው ከአፈሩ ሥር ምን እየፈረሰ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ነጭና ከባድ ነው። ይህ በአብዛኛው እንፋሎት ነው። እንጨቱ ውኃውን እስኪጨርስ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይባክናል። የፈላ ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚጠፋው ሙቀት፣ ያንኑ ውኃ ከቀዝቃዛው ተነሥቶ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ወደ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሙቀት ከየት ይመጣል? ከዚያው ክምር ነው፤ የእንጨቱ አንድ ክፍል አመድ እየሆነ ሌላውን ያደርቀዋል። ትናንት የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ዛሬ የሚያከስል ሰው ከሰሉን ገና ሳያየው በልቶታል።

ውኃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱ ይወጣል። 200 ዲግሪን አልፎ ወደ 220 ገደማ ሲደርስ ልጡ መበጠስ ይጀምራል። ሄሚሴሉሎስ ከሦስቱ ደካማው ነው፤ ከ220 እስከ 315 ዲግሪ ባለው መካከል አብዛኛው ይፈርሳል። ያች የአሴቲክ አሲድ ቁራጭ እዚህ ትላቀቃለች። አቸቶን አቸቶ ያደረገው አሲድ ይኸው ነው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከሌሎች የሚያቃጥሉ ተናኞች ጋር ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ ሽታው ይመርራል፤ በክምሩ ዙሪያ የቆመ ሰው ዐይኑ ያነባል። ማንደጃችሁ ላይ ያ ያልበሰለ ከሰል ያስለቀሳችሁም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ክምሩ ውስጥ ማለቅ የነበረበት መፍረስ እናንተ ቤት መጥቶ ተጠናቀቀ።

ወደ 280 ዲግሪ ሲጠጋ አንድ ትልቅ ለውጥ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ እንጨቱ ሙቀት ሲቀበል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን መፍረሱ ራሱ ሙቀት ማውጣት ይጀምራል። ክምሩ ያለ ተጨማሪ እሳት በራሱ ይሄዳል። አክሳዩ ቀዳዳዎቹን ማጥበብ ያለበት ጊዜ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የሚገባ አየር ማክሰሉን አያግዝም፤ የተገኘውን ከሰል ወደ አመድ ይለውጣል እንጂ። አፈሩ ሲሰነጠቅ ሌሊት ተነሥቶ መድፈኑ፣ የሰመጠውን ቦታ በፍጥነት በአፈር መሙላቱ፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት የሚጠብቀው ይህን ነው።

ቀጥሎ ማገሩ። ሴሉሎስ ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ለምን ቀልጦ አይፈስም? ላስቲክ ይቀልጣል፣ ሰም ይቀልጣል፣ እንጨትና ጥጥ ግን አይቀልጡም። ምክንያቱ ጥቅሉ ነው። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን የተያዙባቸው ማያያዣዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ እነሱ ተፈተው ሰንሰለቱ ለመንሸራተት ከመብቃቱ በፊት ሰንሰለቱ ራሱ ይበጠሳል።

የሚበጠሰው ግን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ አይደለም፤ የነገሩ ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ዝቅ ያለና አካሄዱ ቀስ ያለ ከሆነ፣ ሴሉሎሱ ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን በውኃ መልክ እየጣለ ካርቦኑን ይዞ ይቀራል። ሙቀቱ ከፍ ያለና ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ሰንሰለቱ ከግሉኮስ ግሉኮስ ይበጣጠስና ሌቮግሉኮሳን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይሆናል። ሌቮግሉኮሳን ይተናል፤ ከቅጥራኑ ጋር ወጥቶ ይሄዳል፤ ካርቦኑንም ይዞት ይሄዳል። በአሜሪካ ሞንታና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድ ሻፊዛዴህና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እነዚህን ተፎካካሪ መንገዶች በስሌት አስቀመጡ፤ ዛሬም ተማሪው የሚማረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ከአንዱ እንጨት የሚገኘውን የሚወስነው የሙቀቱ ፍጥነት ነው። ቀስ ያለው ከሰል ይሰጣል። ፈጣኑ ፈሳሽ ይሰጣል፤ የእንጨት ዱቄትን በ500 ዲግሪ ገደማ በሰከንዶች ውስጥ አፍርሰው ወዲያው የሚያቀዘቅዙ ፋብሪካዎች ከክብደቱ ከግማሽ በላዩን ለነዳጅ የሚሆን ፈሳሽ ያደርጉታል።

ስለ ሌቮግሉኮሳን አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ይህ ሞለኪውል የሚመጣው ከሴሉሎስ ወይም ከስታርች መፍረስ ስለሆነ ከመኪና ጭስ አይገኝም። ስለዚህ የከተማን አየር የሚመረምሩ ሰዎች ከጭሱ ውስጥ ምን ያህሉ ከእንጨትና ከገለባ እንደመጣ ለማወቅ እሱን ይፈልጋሉ። በበረዶ ግግር ውስጥ ታሽጎ የቆየውን እየለኩም ስለ ጥንት ዘመን የደን ቃጠሎ ያጠናሉ።

ጭቃው፣ ሊግኒን፣ አይቸኩልም። ከ200 ዲግሪ በታች ጀምሮ በጥቂቱ ይፈታል፤ ከ500 ዲግሪ በኋላም ገና አልጨረሰም። ቀለበቶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ሙቀቱ ሲበዛባቸው እርስ በርስ እየተያያዙ ጥቁር ካርቦን ይሆናሉ። ከሦስቱ ባዮፖሊመሮች ከፍተኛውን የከሰል ድርሻ የሚያስቀረው እሱ ነው። አምልጠው የሚወጡት ቀለበቶች ደግሞ ፌኖሎች ይባላሉ፤ የጭስ መዓዛ የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ነው። ወደ መጨረሻው የክምሩ ጭስ ይሳሳል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ሊታይ እስከማይችል ይጠራል። አክሳዩ በዚያ በኩል ቀዳዳውን ይዘጋል። ክምሩ ረጅም ስለሆነ አንዱ ጫፍ ሰማያዊ ሲያጨስ ሌላው ጫፍ ገና ነጭ ሊያጨስ ይችላል፤ እሳቱን ቀስ በቀስ እየመሩ ከዳር እስከ ዳር ማድረስ ያለ ልምድ አይሆንም።

የጠቀስኳቸው ቁጥሮች እንደ ማሞቂያው ፍጥነት፣ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፤ ሄሚሴሉሎስ፣ ከዚያ ሴሉሎስ፣ ሊግኒን ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ሙቀቱ የት ጋ እንደቆመ በጆንያው ውስጥ ይታወቃል። ከ100 ኪሎ ፍጹም ደረቅ እንጨት በ300 ዲግሪ ብናቆም ወደ 42 ኪሎ ከሰል ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ጽኑ ካርቦኑ 68 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ገና የሚተንና የሚጨስ ነው። በ500 ዲግሪ 33 ኪሎ ይቀራል፤ ጽኑ ካርቦኑ ወደ 86 በመቶ ይደርሳል። እስከ 700 ዲግሪ ብንሄድ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ይወርዳል፣ ካርቦኑ 92 በመቶ ይሆናል። ያ መጀመሪያ የሰማችሁት የሚጮኸው ከሰል ወደ 500ው የተጠጋ ነው፤ ደብዛዛው በ300ው ሰፈር የቀረ ነው። ሻጩ በኪሎ ቢሸጥ ደብዛዛው ያዋጣዋል፤ ገዢው ግን የሚከፍለው ለጭስ ነው።

ይህ በጥሩ ሁኔታ የሚገኝ ልክ ነው። በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ በታች ይሆናል፤ እንጨቱ እርጥብ፣ አፈሩ ስንጥቅ ከሆነ ከዚያም ይወርዳል። በሴኔጋል የካዛማንስ አካባቢ የተለመደው የተሻሻለ ክምር ጭስ ማውጫ አለው፤ አየሩ በሥርዓት ስለሚዘዋወር ምርቱ ወደ 30 ይጠጋል። 15 ኪሎ ይሰጥ የነበረ ክምር 30 ቢሰጥ ያንኑ ጆንያ ለመሙላት የሚቆረጠው እንጨት በግማሽ ይቀንሳል። እኔ በበኩሌ አክሳዩን ከማሳደድና ከመውቀስ ይልቅ ሦስት ነገር ማስተማር ብዙ ዛፍ ያድናል ብዬ አምናለሁ። እንጨቱን ለሳምንታት ማድረቅ፣ ክፍተት እንዳይኖር አጥብቆ መደርደር፣ ቢጫው ጭስ ሲመጣ አየሩን ማጥበብ። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

(አጭር ሙዚቃ)

ፌኖሎች ስል ወይራ ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላ ጋንም እንዲሁ። እንዴት እንደሚደረግ ልብ በሉ፤ ወይራው እንዲንቦገቦግ አይፈለግም። ፍም ላይ ተደርጎ እንዲጨስ፣ ዕቃውም በጭሱ ላይ እንዲደፋ ይደረጋል። ነበልባል ቢነሣ ጋዙ ይቃጠልና መዓዛው ይጠፋል። ነበልባል ከሌለ ግን የሊግኒኑ ፍርስራሾች ሳይቃጠሉ ወጥተው በዕቃው ግድግዳ ላይ ያርፋሉ። እነዚህ ፌኖሎች ባክቴሪያን ያዳክማሉ፤ የአሴቲክ አሲዱም ያግዛቸዋል። ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳው፣ እርጎውም ያን ጣዕም የሚያገኘው በዚህ ነው። እናቶቻችን ፓይሮሊሲስን ለምግብ ደህንነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ይህን ዕውቀት በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ በስሙ ጠርተን ብናስተምረው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከእንጨት ውጭ ያሉትንም ባዮፖሊመሮች ባጭሩ እንያቸው። ጥጥ ንጹሕ ሴሉሎስ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጋቢ ጫፍ አንድ ክር መዝዛችሁ ብትለኩሱት የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ ወረቀትም ሴሉሎስ ነውና። ለስላሳ አመድ ይተዋል። ከመንዝ ባና ላይ የተመዘዘ የበግ ጠጉር ግን ሽታው የተቃጠለ ጸጉር ነው። ጠጉር፣ ቀንድና ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው፤ ኬራቲን ድኝ አለበት፣ ሲፈርስ ያ የሚከረፋ ጋዝ ይወጣል። ነበልባሉም ቶሎ ይጠፋል፤ ጫፉ ላይ በጣት የሚደቅ ጥቁር እብጠት ይቀራል። ክሩ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር ነው። ንጹሕ ጥጥ ነው የተባለን ነጠላ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ርካሽ መንገድ አላውቅም። ካውያም ነጭ ሸማ ላይ ሲዘገይ የሚተወው ቢጫ ምልክት ከቆሻሻ የመጣ አይደለም፤ ሴሉሎሱ ውኃውን መጣል ጀምሯል፣ ወደ ከሰልነት የመጀመሪያውን እርምጃ ሄዷል። በማጠብ የማይለቀውም ለዚህ ነው።

ስታርች እንደ ሁኔታው ነው። እንጀራው ሲጋገር ሊጡ ውስጥ ውኃ ስላለ ሙቀቱ አይጋነንም፤ ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ የስታርቹ ቅንጣት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል እንጂ ሰንሰለቱ አይበጠስም። ለበሶ የሚቆላ ገብስ ግን ደረቅ ነው። ደረቅ ሙቀት ሰንሰለቱን በከፊል እየቆረጠ ዴክስትሪን ወደሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ይለውጠዋል፤ እነሱ በውኃ ይሟሟሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀሪውን ጊዜ ለአንድ ነገር ላውለው፤ ከዛሬው ሁሉ እንዲያዝልኝ የምለምነው እሱን ነው።

በደንብ የበሰለ ከሰል አያጨስም ብለናል። ሄሚሴሉሎሱም ሴሉሎሱም ሄደዋል፣ ቅጥራኑ አልቋል፣ የሚያስለቅስ ነገር አልቀረም። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ጭሱ ሲጠፋ ከሰሉ ጠራ ይባልና ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ በተለይ በክረምት፣ በተለይ ደጋ ላይ። የቀረው ካርቦን ግን ሲነድ ሌላ ጋዝ ይሰጣል። ከማንደጃው ሥር አየር ሲገባ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ይህ ጋዝ በቀላው ፍም መካከል አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ከፍሙ ካርቦን ይወስድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በደንብ በተያያዘ ከሰል አናት ላይ የምትጫወተው ሰማያዊ ነበልባል እሱ ሲቃጠል ነው። ፍሙ አመድ ሲለብስ ሰማያዊዋ ነበልባል ትጠፋለች፤ ጋዙ ግን አልቆመም፤ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው፤ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው በር ይከፈት፣ ሁሉም ይውጣ፣ ማንደጃውም ይውጣ። ቡና የሚፈላበት ክፍል በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን። ከሰል እየነደደ ወይም አመድ ለብሶ እያለ አይተኛ። ነፍሰ ጡር ካለች ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ጋዙ ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ትንፋሽ እንዳለው እዩ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ነቃ፣ ተሻለው ብላችሁ እቤት አታስተኙት። ንጹሕ አየር ብቻ ሲተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ግማሽ ለመውረድ አራት አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ሐኪም ቤት በጭንብል ኦክስጅን ሲሰጠው ያ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስትደርሱ ሰውየው የነበረበት ክፍል ውስጥ ከሰል ይነድ እንደነበር ለሐኪሙ ከሁሉ በፊት ንገሩት።



(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)